የአውሮፕላን ቡሎን ከየት ይምጣ? ጎጃም ተቀምጦ አውሮፕላን ለሚሠራ

ከአንዱ ከተማ አንድ ወጣት በግቢው ውስጥ አውሮፕላን ሠራ የሚል ዜና በየጊዜው ይሰማል። ፎቶው በስልክ ይዞራል፣ «ጎበዝ!» ይባላል፣ ከዚያ ዝም ይላል። አስመላሽ ዘፈሩ በአሮጌ ቮልስ ሞተር የሠራት ኬ-570ኤ በ2007 ዓ.ም. ሰኔ ላይ ለመነሣት ሞክራ ሳይሳካ ሲቀር ወሬው ዓለምን ዞሮ ነበር፤ 570 የሚለው ቁጥር ሥራው የፈጀውን ቀን ያመለክታል። በእንዲህ ያለው ወሬ ሁሉ ሳይነሣ የሚያልፍ አንድ ጥያቄ አለ። ዕቃው ከየት መጣ? የትኛው ከሶማሌ ተራ፣ የትኛው ከብረታ ብረት ቤት፣ የትኛው ከውጭ?

ባሕር ዳር፣ ደብረ ማርቆስ ወይም ፍኖተ ሰላም ላይ ሆኖ ይህን ሥራ የሚያስብ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ሞተር ነው። ሞተር ይታያል፣ ይሰማል፣ ዋጋውም ያስደነግጣል። ነገር ግን የዕቃውን ዝርዝር ከፕላኑ (ከአውሮፕላኑ የሥራ ንድፍ) ላይ አውጥቶ ለሦስት መክፈል ይቀድማል፦ ከገበያችን እንዳለ የሚገዛ፣ ከገበያችን ተገዝቶ ተፈትኖ የሚገባ፣ ከነምስክር ወረቀቱ ከውጭ ካልመጣ የማይገባ። ይህን ያደረገ ሰው አንድ ያልጠበቀው ነገር ያያል። ሦስተኛው ክምር ከሁሉም ትንሹ ነው። ለአንዲት ባለ አንድ መቀመጫ አውሮፕላን ቡሎኑ፣ ዳዶው፣ ሮንዴላው፣ የመሪ ገመዱና መወጠሪያው ቢደመር በአንድ ሻንጣ ይገባል። ሰዉ ገንዘብ ላድን ሲል የሚቆርጠው ግን ይህንኑ ክምር ነው። ለሞተር ብዙ ከፍሎ በቡሎን ላይ ይሰስታል።

በአሜሪካ ፕላኖች ላይ የሚጻፈው ቡሎን ኤኤን የሚባለው ደረጃ ነው። ቁጥሩን ማንበብ ያልቻለ ማዘዝም አይችልም። ኤኤን 4-11ኤ የሚለውን እንውሰድ። 4 ማለት ውፍረቱ አራት አሥራ ስድስተኛ ኢንች፣ ማለትም 6.35 ሚሊ ሜትር ነው። 11 ርዝመቱ ነው፤ ግን አሥራ አንድ ስምንተኛ ተብሎ አይነበብም። የፊቱ አሃዝ ሙሉ ኢንች፣ የኋላው ስምንተኛ ስለሆነ አንድ ኢንች ከአንድ ስምንተኛ ይሆናል። ስለዚህ ከ7 ቀጥሎ የሚመጣው 10 ነው፤ 8 እና 9 የሚባል ርዝመት የለም። መጨረሻው ላይ ያለው ኤ ጫፉ ለኮፒሊያ፣ ማለትም ዳዶው እንዳይፈታ በቀዳዳ ለሚያልፈው ሽቦ፣ አልተበሳም ማለት ነው። የሚንቀሳቀስ መገጣጠሚያ ላይ ኤ ያለበትን ያዘዘ ሰው ኮፒሊያ የሚያስገባበት ያጣል።

የዚህ ቡሎን ዋናው ነገር ጥርሱ ሳይሆን ጥርስ የሌለው ልስልሱ አካል ነው። ሸክሙ የሚያርፈው እሱ ላይ ነው። 12.7 ሚሊ ሜትር ውፍረት ባለው እንጨት ግራና ቀኝ 1.6 ሚሊ ሜትር ላሜራ ቢኖር ድምሩ 15.9 ይሆናል። የኤኤን 4-11ኤ ልስልስ አካል 17.5 ገደማ ስለሆነ ከዳዶው ሥር አንድ 1.6 ሚሊ ሜትር ሮንዴላ ሲገባ ልክ ይመጣል። አንድ ቁጥር ዝቅ ብለን 4-10ኤ ብናስገባ ልስልሱ 14.3 ብቻ ነው፤ ጥርሱ ላሜራው ውስጥ ይገባና በንዝረት እንደ ሞረድ ይበላዋል፣ ቀዳዳው ሞላላ ይሆናል። አንድ ቁጥር ከፍ ብንል ደግሞ ዳዶው ጥርሱ አልቆበት ልስልሱ ላይ ይቆማል። ለእጅ የጠበቀ ይመስላል፣ ላሜራዎቹን ግን ማንም አልያዛቸውም። ይኸኛው ስህተት ከመጀመሪያው የባሰ ነው፤ ሲያዩት አይታወቅም። ስለዚህ በትእዛዙ ላይ ለእያንዳንዱ ርዝመት ጥቂት ከፍ ያለና ጥቂት ዝቅ ያለ ይጨመራል፤ ሮንዴላም በሁለቱ ውፍረት፣ በ1.6 እና በ0.8፣ ይታዘዛል። ፕላን ላይ የተጻፈ ርዝመት በተግባር ከሥራው ጋር የማይገናኝበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ቀለምና ማጣበቂያ ራሱ ውፍረት አለው።

ማጥበቁም ሌላ ጣጣ ነው። ኤኤን 3 ከ2.3 እስከ 2.8 ኒውተን ሜትር፣ ኤኤን 4 ከ5.6 እስከ 7.9 ኒውተን ሜትር ነው የሚጠብቀው። የጋራዥ የማጥበቂያ መለኪያ ቁልፍ አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ በላይ ነው የሚጀምረው። የኢሱዙ ጎማ ሲፈታ የኖረ እጅ ደግሞ ኤኤን 3ን ሳያውቀው ያስረዝመዋል። ትንሽ መለኪያ ቁልፍ ከቡሎኖቹ ጋር ይታዘዝ። ናይለን ያለበት ዳዶ በራሱ ስለሚከብድ፣ መጀመሪያ ዝም ብሎ ለማዞር የፈጀው ጉልበት ተለክቶ ከላይ ባለው ቁጥር ላይ ይደመራል። ይህ ዳዶ ከ121 ዲግሪ በላይ ስለማይችል ሞተር አጠገብ አይገባም፤ ቡሎኑ የሚዞርበት ቦታም አይገባም፤ እዚያ ባለ ጥርስ ዘውድ ዳዶና ኮፒሊያ ነው።

«ታዲያ 8.8 የተጻፈበት ቡሎን ከሕንፃ መሣሪያ ቤት ብገዛስ?» የሚለው ጥያቄ መሠረተ ቢስ አይደለም፣ መልስ ይገባዋል። የኤኤን ቡሎን ሲጎተት ቢያንስ 860 ሜጋ ፓስካል (የጥንካሬ መለኪያ ነው) ገደማ ይችላል፤ እውነተኛ 8.8 ደግሞ 800። ልዩነቱ ትንሽ ነው። የጀርመን ተንሸራታች አውሮፕላኖች በዚሁ ደረጃ በሜትሪክ ቡሎን ነው የሚሠሩት፤ ግን ኤልኤን 9037 በሚባል የአውሮፕላን ደረጃ የተመረተ፣ ከነወረቀቱ። ሱቅ ውስጥ ያለው ችግር ሌላ ነው። አንደኛ፣ አብዛኛው እስከ ራሱ ድረስ ጥርስ ነው። ባለ 6 ሚሊ ሜትር ቡሎን በጥርሱ ላይ ሸክም ሲያርፍበት የሚሸከመው ስፋት 20 ካሬ ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ የኤኤን 4 ልስልስ አካል 31.7 ነው። ከሦስት እጅ አንድ እጅ በላይ ጠፋ ማለት ነው። ሁለተኛ፣ 6 ሚሊ ሜትሩ በ6.35 ቀዳዳ ውስጥ ይጫወታል፤ የሚጫወት ቡሎን ቀዳዳውን ይመታል። ሦስተኛ፣ ራሱ ላይ የተጻፈው 8.8 እውነት መሆኑን የሚነግር ማንም የለም። እ.ኤ.አ. በ1989 የኖርዌዩ ፓርትኔር ድርጅት ኮንቬር አውሮፕላን ዴንማርክ አጠገብ ባሕር ላይ ወድቆ 55 ሰው ሲያልቅ፣ በጅራቱ መገጣጠሚያ ላይ ከደረጃ በታች የሆኑ አስመሳይ ቡሎኖች ተገኝተው ነበር። ያ ባለ ፈቃድ አየር መንገድ ነበር። በሜትሪክ መሥራት የፈለገ ሰው ከመጀመሪያው በሜትሪክ የተሣለ የአውሮፓ ፕላን ይግዛ፤ የኢንች ፕላን ይዞ በሜትሪክ ቡሎን መሙላት ግን ከሁለቱም ጎን መጥፎውን መውሰድ ነው።

የመሪ ገመድም ከዚሁ ክምር ነው። ብዙ ትንንሽ አውሮፕላኖች ላይ የሚገባው 3.2 ሚሊ ሜትር ሲሆን ሰባት ጅማት፣ በእያንዳንዱ ጅማት 19 ሽቦ አለው፤ የሚበጠሰው 900 ኪሎ ገደማ ላይ ነው። የሞተር ሳይክል የፍሬን ሽቦ ፑሌጃ ላይ ሲዞር ሽቦው አንድ በአንድ ይሰበራል፣ መጀመሪያም ከውስጥ በኩል ስለሆነ አይታይም። የገመዱ ጫፍ በመዳብ ቀለበት ሦስት ቦታ ይጨመቃል፤ የጨመቁበት መሣሪያ በትክክል መሥራቱን የሚለካው ትንሿ መለኪያ አብራ ትገዛ።

ወደ ሁለተኛው ክምር እንምጣ፤ ጎጃም ሀብታም የሆነበት እዚህ ነው፣ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ነው።

የመስኮትና የበር አሉሚኒየም የሚሠሩ ቤቶች በየከተማው አሉ። ፕሮፋይሉ ቀጥ ያለ፣ የሚያምር፣ ቀላል ነው። አብዛኛውን ጊዜ ግን 6063-ቲ5 የሚባለው ነው፤ መታጠፍ የሚጀምረው 145 ሜጋ ፓስካል አካባቢ ነው። ፕላኑ የሚጠይቀው 6061-ቲ6 በ276 ነው፣ 2024-ቲ3 ደግሞ በ345። የበሩና የአውሮፕላኑ አሉሚኒየም በዓይን አይለዩም፣ በሚዛንም አይለዩም። ለመቀመጫ፣ ለዳሽቦርድ፣ ለሽፋን የበሩ ፕሮፋይል ይሁን፤ ለክንፍ ዋና ተሸካሚ ግን አይሁን። በሙቀት የጠነከረውን አሉሚኒየም መበየድም ጥንካሬውን ከብየዳው አጠገብ ያጠፋዋል።

ቱቦላሬ ላይ ነገሩ ትንሽ ረቀቅ ይላል። ፕላኑ 4130 የሚለው ክሮም ሞሊ ብረት 517 ሜጋ ፓስካል አካባቢ ይችላል፤ የበርና የአልጋ ቱቦ 235 ገደማ። ነገር ግን ረጅም ቀጭን ቱቦ ሲጨመቅ የሚሰበረው ጥንካሬው አንሶ ሳይሆን ጎብጦ ነው፤ ለመጉበጥ ደግሞ ሁለቱም ብረት እኩል ናቸው። ድሮ የተሠሩት የፓይፐር ከብ አውሮፕላኖች ብዙው አካላቸው ከተራ ለስላሳ ብረት፣ አስጊው ቦታ ብቻ ከ4130 የሆነው ለዚህ ነው። ይህ ማለት ግን ሠሪው በራሱ ፈቃድ ይለውጥ ማለት አይደለም። የትኛው ቱቦ ይጨመቃል፣ የትኛው ይጎተታል የሚለውን የሚያሰላ መሐንዲስ ካልተገኘ ፕላኑ ያለው ይገባል። በኤሌክትሮድ ብየዳ አንድ ሚሊ ሜትር የማይሞላ ግድግዳ አይበየድም፤ ይበሳል። ኦክሲጅንና አሲታይሊን ወይም አርጎን ነው የሚያስፈልገው፤ 4130 በነፋስ ከተመታ ስለሚሰነጠቅ በር ተዘግቶ ይበየዳል፣ ቀስ ብሎም ይቀዘቅዛል።

እንጨት ግን ባለሙያን የሚያጓጓ ነገር ነው። የአውሮፕላን እንጨት ተብሎ የሚታወቀው ሲትካ ስፕሩስ በኪዩብ ሴንቲ ሜትር 0.42 ግራም አካባቢ ይመዝናል። ባሕር ዛፍ ጠንካራ ቢሆንም ይከብዳል፣ ሲደርቅ ይጠማዘዛል፣ ይሰነጠቃል፤ ለአጥር የሚሆነው ሁሉ ለክንፍ አይሆንም። ዋንዛና ዝግባ በሚዛን ይቀርባሉ። ነገር ግን ኮሶ፣ ዋንዛ፣ ዝግባና ጥድን ከተፈጥሮ ደን መቁረጥ የተከለከለ ስለሆነ ከግል ይዞታ መምጣቱ የተረጋገጠ ጣውላ፣ ወይም ከፈረሰ አሮጌ ቤት የወጣ ይፈለጋል። የአሮጌ ቤት ሳንቃ ደርቆ ያለቀ ነው፣ ምስማሩና ነቀዙ ግን ይፈተሽ። ጭረቱ በ15 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ከአንድ ሴንቲ ሜትር በላይ ወደ ጎን የሸሸ ሳንቃ ወዲያው ይጣላል።

ፈተናው ውድ አይደለም። ከየሳንቃው 20 በ20 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ እንከን የሌለው ዘንግ ይወጣል። በ280 ሚሊ ሜትር ርቀት በተቀመጡ ሁለት ድጋፎች ላይ ይጋደምና መሐሉ ላይ ሸክም ይንጠለጠላል። ጥሩ የደረቀ ስፕሩስ የሚሰበረው 135 ኪሎ ገደማ ላይ ነው፤ ይህ ማለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውኃ ሰባት ያህል። ከዚያ በታች የተሰበረ ለስፕሩስ ምትክ አይሆንም። ቢያንስ አሥር ዘንግ ይሰበራል፣ የሚወሰደውም አማካዩ ሳይሆን ዝቅተኛው ነው። ስብራቱም ይታይ፦ ረጃጅም ስንጥር እያወጣ የሚሰበር ጤነኛ ነው፤ እንደ ካሮት ቀጭ ብሎ የሚቆረጥ ቁጥሩ ጥሩ ቢሆን እንኳ ይጣላል። እርጥበቱን ለማወቅ ቁራጩ ይመዘናል፣ በ103 ዲግሪ ምድጃ ክብደቱ መቀነስ እስኪያቆም ይደርቃል፣ የጠፋው በደረቁ ክብደት ይካፈላል። ከ8 እስከ 12 በመቶ ጥሩ ነው። በክረምት የተለካ ሳንቃ በመጋቢት ሌላ ሳንቃ ነው።

የሱቅ ኮምፔንሳቶ ለአውሮፕላን ቆዳ አይሆንም። ከቁራጩ አንድ መዳፍ ያህል ለሦስት ሰዓት ቢቀቀል አብዛኛው እንደ መጽሐፍ ይገለጣል፤ ማጣበቂያው ለቤት ውስጥ የተሠራ ነው። ነጩ የአናጢ ኮላም በቋሚ ሸክም ሥር ቀስ ብሎ ይሸሻል። ማጣበቂያው ኢፖክሲ ወይም ሬዞርሲኖል መሆን አለበት።

በጨርቅ በኩል አጭር ነው። የድሮው የአውሮፕላን ጥጥ አዲስ ሲሆን በአንድ ኢንች ስፋት 36 ኪሎ መቻል ነበረበት፤ አቡጀዲን በዚህ መለኪያ መፈተን ለሚፈልግ ባሕር ዳር ውስጥ የጨርቃ ጨርቅና ፋሽን ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት አለ። ዛሬ የሚገባው ፖሊስተር ነው፤ በካውያ ሙቀት ከ121 እስከ 177 ዲግሪ ይወጠራል። የልብስ ገበር ፖሊስተር በፋብሪካ አስቀድሞ ስለተኮማተረ ሁለተኛ አይወጠርም። ጎማ ላይ ደግሞ ጎጃም ምንም አያንሰውም። የባጃጅ 4.00-8 ጎማ በብዙ ቀላል አውሮፕላኖች ላይ የሚገባው መጠን ነው፣ በየመንደሩም ጎሚስታ አለ፤ ኩሽኔታው ብቻ የጎን ግፊት መቻሉ ይታሰብ።

ሞተር ላይ ሁሉም ሰው ከሚረሳው ነገር እንጀምር፤ እሱም ከፍታ ነው። የባሕር ዳር አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ወለል 1,822 ሜትር ላይ ነው። በ27 ዲግሪ ቀን አየሩ እንደ 2,700 ሜትር ከፍታ አየር ይሳሳል። ከባሕር ወለል 50 የፈረስ ጉልበት የሚሰጥ ባለ 1,600 ቮልስ እዚህ 37 ገደማ ይሰጣል፤ ክንፉም ለመነሣት 14 በመቶ ያህል ተጨማሪ ፍጥነት ይፈልጋል። ደብረ ማርቆስ ላይ፣ 2,450 ሜትር አካባቢ፣ ከዚህም ይወርዳል። ለዚህ ነው ፕላኑ ላይ «40 የፈረስ ጉልበት ይበቃል» የሚል የፈረንጅ ቃል ተይዞ ሞተር የማይገዛው። የቮልስ ሞተር ከሶማሌ ተራም ሆነ ከሰፈር ጋራዥ ይገኛል፣ የሚያድሰውም ባለሙያ አለ። ግን ፕሮፔለር የሚይዘው ሃብ፣ ሁለተኛው የእሳት መስመርና የካርቡራተሩ ትንሽ ጂግለር ከውጭ ካልመጣ የሰፈር ቶርኖ ይሥራው አይባልም። ክራንኩ ለመኪና የተሠራ ነው፤ በጫፉ ከባድና ረጅም ፕሮፔለር ሲያዞር በማዞሪያው አጠገብ ይሰበራል። ቀላል የእንጨት ፕሮፔለር ይሻለዋል፤ እንጨቱ በበጋ ስለሚኮማተር ቡሎኑ ከክረምት ወደ በጋ ሲሻገር እንደገና ይለካ።

ይህ ሁሉ ከመገዛቱ በፊት የኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን በጽሑፍ ይጠየቅ። በግል የተሠራ አውሮፕላን ምን ምዝገባና ምን የብቃት ማረጋገጫ እንደሚፈልግ መልሱን ይዞ ነው ገንዘብ የሚወጣው። በአሜሪካ ሕግ ሠሪው ከግማሽ በላይ ራሱ ከሠራው ይፈቀዳል የሚለው እዚያ ነው የሚሠራው። አሁን ባለው ጸጥታ ደግሞ ፈቃድ ሳይኖር ሜዳ ላይ አውሮፕላን ማንደርደር ሕይወትን የሚያሳጣ ሞኝነት ነው።

ትእዛዙን በተመለከተ፣ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሩ በገበያ እንዲመራ ከተለቀቀ ወዲህ ስሌቱ ተለውጧል። 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 አለፈ። ሙሉ ኪት፣ ማለትም ለመገጣጠም የተዘጋጀ የአውሮፕላን ዕቃ ሁሉ፣ ማዘዝ ለብዙው ከአቅም በላይ ሆነ፤ የሻንጣው ክምር ግን አሁንም ይቻላል። እንደ ኤርክራፍት ስፕሩስ ያሉ ከ1965 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሸጡ ቤቶች ቡሎን በነጠላ ይሸጣሉ፤ ከእያንዳንዱ ጋር የአምራቹ የደረጃ ማረጋገጫ ይጠየቅ። የጅራቱን ቡሎን ብቻ ማዘዝ ጥሩ መጀመሪያ ነው፤ ጅራቱን ጨርሶ ያላየ ሰው የክንፉን ዕቃ መግዛት የለበትም። ትልልቅ ስሞችም ይሳሳታሉ። እ.ኤ.አ. በ2023 ኪት አምራቹ ቫንስ ኤርክራፍት በሌዘር የተቆረጡ የሪቬት ቀዳዳዎች ሲጎደጎዱ እየተሰነጠቁ ብዙ ኪት እንዲተካ ተገዶ ነበር።

ጉምሩክ ላይ ሁሉንም «የአውሮፕላን ዕቃ» ብሎ በአንድ መስመር መጻፍ ያስቆማል። ቡሎንና ዳዶ ለአውሮፕላን ቢሆንም በጉምሩክ ታሪፍ ቁጥር 7318 ነው የሚመደበው፤ ፕሮፔለር በ8807.10፣ የአውሮፕላን ቤንዚን ሞተር በ8407.10። ደረሰኙ በዚሁ ተከፋፍሎ እንዲጻፍ ሻጩ አስቀድሞ ይነገረው። ቀለም፣ ማቅጠኛና ሊቲየም ባትሪ ተቀጣጣይ ስለሆነ በሰው ሻንጣ አይላክም። ከአዲስ አበባ በደጀን በኩል የሚመጣው መንገድ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ አንዳንዴ ስለሚዘጋ ለአንድ ወር ሥራ የሚበቃ ዕቃ ሳይያዝ ማጣበቂያ መበጥበጥ አይጀመርም።

ሳጥኑ ሲደርስ ከደስታው በፊት ካሊፐር ይውጣ። የኤኤን 4 ልስልስ አካል ከ6.25 እስከ 6.32 ይነበባል፤ 5.9 ካነበበ ያ የሜትሪክ ቡሎን ነው። ራሱ ላይ የመስቀል ምልክት ይታይ። ቀዳዳው በሱቅ 6.5 ፑንታ አይበሳም፤ በ6.2 ተበስቶ በ6.35 ሪመር (ቀዳዳን በልኩ በሚያስተካክል መሣሪያ) ይስተካከላል፣ ስለዚህ ሪመሩም አብሮ ይታዘዝ። የተለካው በየቁጥሩ በየፌስታሉ ይገባል፣ የደረሰኙ ቁጥር በላዩ ይጻፋል፣ ያልተለካው በሌላ ጣሳ ይቆያል።